ፊት ለፊት ብቻ የሚወርድ ሙሾ

ሎሎቩሌ፣ አምባኤ ደሴት
ሜይ 6

ለሼሪል ባኖ፣

ሰላምታዬን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እዚያ ስደርስ ከተረፈኝ እሰጥሻለሁ።

የላክሽልኝ መነጽር ደርሷል። ልክ ነው፣ አፍንጫዬንም አይቆረቁረኝም። ስለ ጠየቅሽኝ ብቻ ነው የመለስኩልሽ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጄ ኔሊ ባለፈው ሳምንት ከዋና ከተማው ከፖርት ቪላ መጣች። ሻንጣዋን እንኳን ሳታስቀምጥ «አባዬ፣ ሙሾውን ለሼሪል የሰጠሃት ምን ብለህ ነው?» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ብላት ሻንጣዋን መፍታት ያዘች። በመከራ ነው ያወጣጣኋት።

ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ በሚኒባስ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከጎኗ የተቀመጡ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ስልክ ከፍተው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ በቀቀን የሚንጫጫ መሰላት። ቆይታ ቃሉን ለየችው። የሌሲቩ ሙሾ ነው። የሚወርደውም ባንቺ ድምፅ ነው።

«ምንድን ነው የምትሰሙት?» አለቻቸው።

«የታሪክ ትምህርት ነው። ነገ ፈተና አለብን።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሮጠው?»

«ሴትዮዋ ቀርፋፋ ናት፤ በእጥፍ ካልሮጠች አታልቅም» አሏትና ሳቁ።

ሳቁ፣ ሼሪል! ሌሲቩን መርከብ ወደ እናንተ ሸንኮራ ማሳ ይዟት ሲሄድ እናቷ ማዕበሉ የሚሰበርበት ድንጋይ ላይ ቆማ ያወረደችውን ሙሾ ሰምተው ሳቁ። አንቺ የሌሲቩ የልጅ ልጅ ልጅ ነሽ። እኔ እዚህ የቀረው የወንድሟ ዘር ነኝ። በዓለም ላይ ያንን ሙሾ ማውረድ የሚችል ከኛ ቤተሰብ ውጭ የለም፤ ወይም አልነበረም።

ስንሰጥሽ ምን እንዳልኩሽ ረስተሽ ከሆነ ላስታውስሽ። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጥርሱ የተጠማዘዘ አሳማ ታርዶ፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ራስሽ ላይ ጭነው ነው የተቀበልሽው። ፊት ለፊት ካልሆነ እንዳታወርጂው ብዬሻለሁ። የሰማሽ ሰው ካንቺ ጋር አብሮ ሳይበላ እንዳይነሳ፣ ለቅሶ ሰምቶ ባዶ ሆዱን የወጣ ሰው ሐዘኑን ተሸክሞ ይሄዳል ብዬሻለሁ። «እሺ አጎቴ» አልሽ። እንባሽም ወረደ፣ እኔም አመንኩሽ።

እስቲ ንገሪኝ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያሉትን ልጆች ምን አበላሻቸው?

ለገና በላክሽልኝ ደብዳቤ «ሥራዬ ደህና ነው፣ ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው» ብለሻል። ደህና የሆነው ለቅሷችንን ሸጠሽ ነው? እህቴ ሜቤል ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። «ያቺን የተማረች ዘመድህን ያመጣህብን አንተ ነህ» ትለኛለች በሰው። ምን ብዬ ልመልስላት?

ሽማግሌዎቹ ሊሰበሰቡ ነው። ከዚያ በፊት መልስሽን እፈልጋለሁ።

ሰላምታው አልተረፈኝም።

ሲላስ ጋራይ


ኬፕ ሃሎራን፣ ኩዊንስላንድ
ሜይ 29

ለተከበሩ አጎቴ ለሲላስ ጋራይ፣

እርስዎ ቢነፍጉኝም እኔ አልነፍግዎትም፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እትዬ ሜቤልስ? ኔሊን ስለ ነገረችዎ ያመስግኑልኝ። ደብዳቤዎን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስጨርስ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

አልሸጥኩትም። ግን ዋሽቼዎታለሁ። በገና ጊዜ «ሥራዬ ደህና ነው» ስልዎ ሥራ አልነበረኝም።

ከገና አንድ ወር በፊት ነው የሆነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ስንብቴን በኮምፒውተር ነው የነገረኝ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ብሬት ዳንስተን ይባላል። ፊቱ በስክሪኑ ላይ የቴምብር ያህል ሆኖ «ሼሪል፣ የቀረሽው አንቺ አይደለሽም፤ የቀረው የሥራ መደቡ ነው» አለኝ። መደቡ እኮ እኔ ነበርኩ! ጠዋት ሥራ ሲጀመር አዳራሹን የምከፍተው፣ ለፈተና የሚያለቅሱትን ልጆች ቢሮዬ አስቀምጬ የማባብለው፣ የመቶ ሃያ ተማሪ ወረቀት ቅዳሜና እሁድ ተሸክሜ የማርመው እኔ ነበርኩ። መደብ ወረቀት ያርማል?

ለምን አልነገርሽኝም ቢሉኝ፣ እናቷ ሸንኮራ እያረመች አሳድጋ መምህር አደረገቻት ብለው በመንደሩ ፊት የተናገሩልኝ እርስዎ ነዎት። ያንን አፍ ማሳፈር አቃተኝ።

አሁን ስለ ሙሾው። በየዓመቱ ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ስለ መርከቦቹ ሳስተምር ነው የማወርደው። እንዳዘዙኝ ፊት ለፊት ነበር። ሙዝ በኮኮናት ወተት ቀቅዬ በትልቅ ድስት ተሸክሜ እገባለሁ፤ አውርጄ ስጨርስ አብረን እንበላለን። ምግብ ወደ አዳራሽ አይገባም ብለው ስንት ጊዜ ተጨቃጨቁኝ! በየዓመቱ ተሟግቼ አስገብቻለሁ።

ከዚያ ያ በሽታ መጣና ሁሉም በየቤቱ ተዘጋበት። ትምህርቱን በሙሉ ቅረጪ ተባልኩ፣ ቀረጽኩ። ስድስተኛውን ግን እምቢ አልኩ። ዳንስተን ደወለልኝ፤ «ለዚህ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጠፋል፤ ቃሌን እሰጥሻለሁ» አለኝ። በዚያው ሰሞን አንዷ ተማሪ «ዶክተር፣ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ» ብላ ጻፈችልኝ። ተሸነፍኩ። ሁሉም የሚበሉትን ይዘው ካሜራቸው ፊት እንዲቀርቡ ነገርኳቸውና እያየኋቸው አወረድኩት፤ እያየኋቸው በላን። ይህም ፊት ለፊት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አልጠፋም። እኔን አስወጥተው ድምፄን አስቀሩት። ዘንድሮም የሚያስተምረው እሱ ነው። ፖርት ቪላ መድረሱን ከእርስዎ ደብዳቤ ነው ያወቅሁት፤ ብጠይቅ ትምህርቱን ለሌሎች ኮሌጆችም ያከራያሉ አሉኝ።

ገና አላበቃሁም። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በሰዓት እየከፈሉኝ ወረቀት አርማለሁ። የማን ትምህርት ወረቀት? የራሴን! ልጆቹ የተቀረጸችዋን ሼሪልን ሰምተው ይጽፋሉ፣ በሕይወት ያለችው ሼሪል ታርማለች። ባለፈው አንዱ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ሟቿ ዶክተር ባኖ እንዳስተማሩት...»። በቀይ እስክሪብቶ «አልሞትኩም። ምንጭህን አጣራ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ጮህኩ።

ቅጣቴን ይንገሩኝ። እቀበላለሁ።

የእርስዎው ሼሪል


ሎሎቩሌ
ጁን 24

ልጄ ሼሪል፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ባለፈው የነፈግሁሽንም ጨምሬ ነው። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፣ ሌላ ሥራ የለውም። አይ፣ ከሥራ መውጣትሽን ለመንደሩ አላወራሁም። ለሜቤል ብቻ ነግሬያታለሁ፤ እሷም በዚሁ ምክንያት አናገረችኝ።

ንዴቴ አልበረደም። አቅጣጫውን ነው የቀየረው። አንቺን ግን ነጻ አላወጣሁሽም። «ለዚህ ዓመት ብቻ» ሲልሽ ማመንሽ ይገርመኛል። ታሪክ የምታስተምሪ ሰው! ሌሲቩንስ «ሦስት ዓመት ብቻ» ብለው አልነበረም የወሰዷት? ይህንን ለስንት ልጅ ስታስተምሪ ኖረሽ፣ ለራስሽ ሲሆን ጠፋሽ?

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ደብዳቤሽን ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩላቸው፤ ስለ ሥራሽ ያለውን ግን ዘልዬዋለሁ። ታቢን ታውቂዋለሽ፣ ያን ነገረኛ። «ሙሾውን እንንጠቃት፤ ዳግመኛ ስሙን አትጥራ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁለት። ያኔ ሜቤል ከበሩ አካባቢ ተነሳች። ሴት በዚያ ስብሰባ አትናገርም፤ የሚከለክላት ግን አልተገኘም።

«ልጅቷን ሞተሻል አሏት» አለች፤ እኔ የዘለልኩትን አወጣችው። «ሞተሻል ብለው ደግሞ ወረቀት አርሚ ይሏታል። እኛ እንኳን ለሞተ ሰው ሥራ አንሰጥም። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ የምትነጥቁት ከማን ነው? ከሷ ወይስ ከሌባው?»

ታቢ «ሌባው ሩቅ ነው» አላት።

«እሷ ግን ለሌባው ቅርብ ናት፤ እሷን ላኳት» አለችው።

ስለዚህ የተወሰነው እንዲህ ነው። ሙሾው ተዘግቷል። ነገሩ እስኪቃና እኔም አላወርደውም፣ አንቺም አታወርጂውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የናሜሌ ቅጠል ታገኛለሽ። እዚህ ናሜሌ የተጣለበትን በር አለቃም ቢሆን አይሻገረውም። ድምፅሽን ያሰሩበት ቦታ ወስደሽ፣ ሰው እያየሽ አስቀምጪው። አስቀምጪው አልኩሽ እንጂ አትለምኚ። ስለ ፖርት ቪላው ኮሌጅ አትጨነቂ፤ ያ የኔ ሥራ ነው።

ሜቤል ብዪ ትልሻለች። እየከሳሽ እንደሆነ በምን እንዳወቀች አትጠይቂኝ።

አጎትሽ ሲላስ


ኬፕ ሃሎራን
ኦገስት 12

አጎቴ፣

ለእርስዎም ለእትዬ ሜቤልም ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የምነግርዎ ነገር እስኪኖረኝ ነው የጠበቅሁት። አዎ፣ እየበላሁ ነው ብለው ይንገሯት።

ቅጠሉ አልደረሰኝም። ደብዳቤዎ ተከፍቶ፣ በቅጠሉ ፈንታ «ነፍሳት ሊኖሩበት ስለሚችል ተቃጥሏል» የሚል የድንበር ቁጥጥር ወረቀት ገብቶበት መጣ። አያቶቻችንን በመርከብ ሲያስገቡ እንዲህ አልተጠነቀቁም! ግን አይዘኑ፤ የዚያው ዛፍ ዘመድ እማማ ዶልሲ ጓሮ ይበቅላል። እማማ ዶልሲ እዚህ ያለን የደሴተኞች ልጆች ሁሉ እናት ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። «ለምንድን ነው የምትቆርጪው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መቁረጫውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ቆረጡት፤ ከዚያ «ባርኔጣዬን አምጪ» አሉ።

መጀመሪያ ግን ብቻዬን ዳንስተን ዘንድ ሄድኩ። ለመለመን አይደለም፤ አላውቅም ነበር እንዳይል ነው። ሰውየው ክፉ ቢሆን በቀለለኝ። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ ስለ እናቴ መቃብር ሳይቀር ጠየቀኝ።

«ብሬት፣ ስድስተኛው ሳምንት ይጥፋ» አልኩት።

«እሱ እኮ ተማሪዎች ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ነው።»

«የቤተሰቤ ለቅሶ ነው። ይጠፋል ብለህ ቃል ሰጥተኸኛል።»

«ያኔ ሁኔታው ሌላ ነበር። ሼሪል፣ ይገባኛል። ድምፁ ያንቺ ነው፤ ቅጂው ግን የዩኒቨርሲቲው ነው። ውልሽ ላይ አለ።»

«የሌሲቩ እናት የፈረመችበትን ውል አሳየኝ።»

ብዕሩን አገላበጠው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ መላ አገኘ ማለት ነው። «መጀመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ ብንለጥፍበትስ? ‹ይህ ትምህርት አንዳንድ አድማጮችን ሊያሳዝን ይችላል› የሚል?»

«ሙሾ እኮ ነው ብሬት! ማሳዘን ሥራው ነው!»

ከቢሮው የወጣሁት ውሃ የቀዳልኝን ብርጭቆ እንዳልወረውርበት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነው።

ማክሰኞ ስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ቤት ሆነው ማየት የማይወዱ ልጆች አዳራሽ ይመጣሉ፤ ዲላን የሚባል ወጣት አስተማሪ ስክሪኑን ይከፍትላቸዋል። እኔ፣ እማማ ዶልሲና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ከኋላ በር ገባን። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሼሪል ስለ መርከቦቹ ታስረዳለች። ፀጉሯ አጠር ያለ፣ ፊቷ ሞላ ያለ። እሷን ማየት ምን እንደሚመስል ልነግርዎ ሞክሬ አቃተኝ።

እማማ ዶልሲ በከዘራቸው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። አዳራሹ በሙሉ ያያቸዋል። ዲላን ተነሳ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ትምህርት ላይ ነን።»

«እኔም ትምህርት ላይ ነኝ፤ ተቀመጥ» አሉትና ቅጠሉን ከስክሪኑ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። «ይህ ማለት ከዚህ በኋላ አይታለፍም ማለት ነው» አሉ።

ዲላን እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ከኋላ አንድ ልጅ «እሷ ናት እኮ! ሴትዮዋ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ «አለች እንዴ?» አለች። ጥቂቶች ሳቁ።

«አለሁ» አልኩ። «ዲላን፣ አጥፋው አልልህም። አንተም እንደኔ በሰዓት የምትከፈል ነህ፤ ጉሮሮህን አልዘጋም። እናንተን ግን እለምናችኋለሁ። ትንሽ ቆይታ ይህቺ ሴት ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾው የቤተሰቤ ነው፤ ያለ ፈቃዳችን የተያዘ ነው። አትስሙት።»

አጎቴ፣ አትለምኚ ብለውኝ ነበር፤ ለመንኩ። ይቅር ይበሉኝ። ግን የለመንኩት ልጆቹን ነው።

መጀመሪያ የተነሳችው ከፊት የተቀመጠች ልጅ ናት። ቦርሳዋን ዘጋችና ወጣች። ከዚያ የጎኗ፣ ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ወንበሩ ሁሉ እየተንኳኳ ተከተለ። የቀረነው እኔና ዲላን ስንሆን እሱም ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ሽንት ቤት መሄዴ ነው» ብሎኝ ወጣ። በሩን ከኋላዬ ስዘጋ ያቺ ሼሪል ለባዶ ወንበር ማውረድ ጀምራ ነበር።

ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እማማ ዶልሲ ያመጡትን ቂጣና ዓሣ ተካፈልን። አላወረድኩም፤ ተዘግቷል። ግን ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው። ከተባረርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን አስተምሬ አላውቅም። የጥበቃ ሠራተኛ ተልኮ መጣ፤ «እዚህ መሰብሰብ አይቻልም» አለ። እማማ ዶልሲ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ዓሣ አቀበሉት። በላና ሄደ።

ዩኒቨርሲቲው እስካሁን ምንም አላለኝም።

ሼሪል


ሎሎቩሌ
ሴፕቴምበር 15

ልጄ ሼሪል፣

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን ለሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ታቢ የአሮጊቷን ቦታ ሦስተኛ ጊዜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ስለ መለመንሽ ምንም አልልሽም፤ ሰው ልጆችን ይለምናል።

እኔም ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም። ፖርት ቪላ ሄድኩ። አዎ፣ በጀልባ፤ አዎ፣ በዚህ ጉልበቴ፤ አትቆጪኝ።

የኮሌጁ ርዕሰ መምህር ጆናታን ቡሌ ይባላል። ጸሐፊዋ ቀጠሮ አለህ ወይ ብትለኝ «ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የተያዘ ነው» አልኳት። ገባሁ። ነገሩን ስነግረው ሰውየው አመድ መሰለ። እናቱ ከጎናችን ያለችው የጴንጤቆስጤ ደሴት ሰው ናት፤ ሙሾ የማን እንደሚሆን ይገባዋል።

«አባቴ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ነው፤ ከፍለን ነው የወሰድነው። ባለቤቱን ጠይቀው የሸጡ መስሎን ነበር» አለኝ።

«ባለቤቱ ፊትህ ተቀምጧል።»

በዚያው ቀን አስጠፋው። ይህ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ እዚህ መጣ። ለካሣ የሚሰጥ ቀይ ምንጣፍና አሳማ፣ እነዚያንም ሁለቱን የሚኒባስ ልጆች ይዞ ነው የመጣው። ልጆቹ ከሀፍረት የተነሳ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እኔ አልተቆጣኋቸውም፤ ማን ነግሯቸው ያውቃል? ሜቤል በቅጠል የተጋገረውን ላፕላፕ ከትኩሱ ድንጋይ ላይ አንስታ በእጇ አጎረሰቻቸው። አንደኛዋ ልጅ እያለቀሰች ዋጠች።

ገዢው ባሕር ተሻግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሻጩስ? መንገድ ተሻግሮ አንቺ ቤት ለመምጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል?

ሲላስ


ኬፕ ሃሎራን
ኦክቶበር 22

የተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሻጩ አልመጣም። አይመጣምም።

ስድስተኛው ሳምንት ጠፍቷል። ይህንን በደስታ ልጽፍልዎ በተገባ ነበር። የጠፋው ግን እንዴት መሰለዎ? ለተማሪዎቹ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ስድስተኛው ሳምንት አይገኝም፤ ከአምስተኛው በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ይለፉ» የሚል መልእክት ተላከላቸው። የቴክኒክ ችግር! አምስተኛው ሳምንት ስለ ሸንኮራ ተክል ነው፤ ሰባተኛው ስለ ባቡር መስመር። በመካከል የነበርነው እኛ ነን። ማንም ሳይቆርጠው የተቆረጠ ሸንኮራ፣ ማንም ሳይሞት የተሠራ ስኳር ይማራሉ ማለት ነው። ሙሾው ይውጣ አልኩ እንጂ ሰዎቹ ይውጡ አላልኩም! አጎቴ፣ ይህንን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደ ቀደድኩ አይጠይቁኝ።

ይቅርታ የሚል ቃል ከአንድም ሰው አልሰማሁም። የሰማሁት «በዚህ ሴሚስተር የእርማት ድጋፍሽ አያስፈልገንም» የሚል ነው። ዲላንም አልተቀጠረም። የቀሩት ትምህርቶቼ ግን እዚያው ናቸው፤ ዛሬም ጠዋት ስክሪኑ ላይ ሆኜ አስተምሬያለሁ መሰለኝ።

አይ፣ ቤቱን አልሸጥኩም። ከተማውንም አልለቅም፤ ለማን ብዬ? እሮብ እሮብ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አስተምራለሁ። ስድስተኛውን ሳምንት ብቻ ነው የማስተምረው፤ እሱ ራሱ ብዙ እሮብ ይፈጃል። ከዩኒቨርሲቲው ዘጠኝ ልጆች ይመጣሉ። ዲላን ወንበር ይደረድራል። አያቱ የሸንኮራ ባለርስት የነበሩ አንድ ሽማግሌም ይመጣሉ። ከኋላ ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ይሄዱ ነበር፤ ባለፈው ግን ተነሥተው «አያቴ ማሳው ዳር ማን እንደተቀበረ ያውቅ ነበር፤ ቦታውን ላሳያችሁ እችላለሁ» አሉ። ሄድን። ባዶ ሣር ነው፤ ምልክት የለውም። ልጆቹ ዳር ዳሩን ቆሙ። እኔም የማወርደው ነገር ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ቆምኩ።

እዚያ ነው ልጠይቅዎ የወሰንኩት። ቅጠሉ ይነሣልኝ ይሆን? አይሆንም ካሉኝ እቀበላለሁ።

ሼሪል


ሎሎቩሌ
ኖቬምበር 19

ልጄ ሼሪል፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሜቤልም፣ ኔሊም። ስለ ሣሩ የጻፍሽውን ሳነብ ሰው ሁሉ ተጠግቶ ተቀመጠ። ሕፃናት እንኳን።

የጠየቅሽውን ተሰብስበን አየነው። ታቢ እንደ ልማዱ ቀደመ። «አንዴ ያመለጣት ሁለተኛም ያመልጣታል። ሙሾው ያረጀ ነው፤ እዚሁ ይረፍ» አለ።

ሜቤል አሁን በሩ ላይ አልቆመችም። መካከል ገብታ ተቀመጠች።

«ሙሾው የሞተ ሰው ሙሾ አይደለም» አለች። «ሌሲቩ መርከቡ ላይ ስትወጣ በሕይወት ነበረች። እናቷ ያለቀሰችው ለተወሰደ ሰው ነው። የሼሪልንም ድምፅ ወሰዱ፤ እሷን ደጅ አቁመው ድምፅዋን እያሠሩት ነው። አሁንም እያሠሩት ነው! ታዲያ ሙሾው አርጅቷል የምትለኝ የት ላይ ነው?»

ታቢ ከተቀመጠበት ፈቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ይህንን ለማየት ብቻ ብትመጪ ያዋጣሽ ነበር።

አዲስ ስንኝ ጨመርንበት። የአያቶቻችንን ሙሾ ነክተን አናውቅም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቃሉ ላይ ስንጣላ አመሸን። ስምሽ ገብቷል። ታቢ «የዚያ ዳንስተን የተባለው ሰውዬ ስምም ይግባ፤ የልጅ ልጆቹ ያፍሩበት» ብሎ ተሟገተ። ሜቤል «ሌሲቩን የወሰደውን ካፒቴን ስሙን የሚያውቅ አለ?» አለች። የሚያውቅ አልነበረም። «እሱም አይታወቅ» አለች። ስሙ ሳይገባ ቀረ።

ስንኙን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ በስልክም አልነግርሽም። መጥተሽ ከአፌ ትሰሚያለሽ። ቅጠሉ የሚነሣው ያኔ ነው። ከዚያ ያንን ሣር የሚያውቁትን ሽማግሌ ይዘሽ ወደ ማሳው ትመለሻለሽ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች የወገን ድምፅ ሳይሰሙ ብዙ ቆይተዋል።

ማክሰኞ ከሳንቶ ደሴት ወደኛ የሚመጣ ጀልባ አለ። ባሕሩ በዚህ ወር ክፉ ነው። ቢሆንም ነይ።

አጎትሽ ሲላስ ጋራይ